ስሟን ይዛ የሄደች ከተማ

የቤቷ ክዳን ሲወርድ ናቮያ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ከኋላዋ መጥረቢያው ይንቋቋል፤ ወንዶቹ «ያዝ! ቀስ! እግርህን!» እየተባባሉ ይጯጯኻሉ፤ የክዳኑ ሣርና የዘመናት ጥላሸት አብሮ ይረግፋል። እሷ ግን ሕፃን ልጇን እንዳዘለች ወንዙ ዳር ቆማ ቁልቁል ታያለች፤ የቪስዋ ወንዝ ታጥፎ ከአኻያ ዛፎቹ ጀርባ ወደሚሰወርበት። ወንዙን የሸፈነው በረዶ ከተሰበረ ወዲህ ውሎዋ እዚያው ነው።

«ናቮያ!» ሲል ባሏ ዢራ ከግድግዳው ጫፍ ጠራት። «ያን ማሰሮ አንሺው፤ ግንድ ሊወድቅበት ነው።»

«ይውደቅበት።»

ዢራ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካ። አሻጋሪ ነው፤ አባቱም አሻጋሪ፣ አያቱም አሻጋሪ ነበሩ። ሰውና ከብት፣ ጨውና እህል ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሲያመላልስ የኖረ፣ ትከሻው እንደ ሳንቃ የሰፋ፣ ድሮም ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ከጎርፉ በኋላ ደግሞ ጭራሹን ለመናገር የሚለመን ሆኗል።

ከተማዋ ልትነሣ ነው። በረዶ በቀለጠ ቁጥር ወንዙ ከመንደሩ ይገባል፤ ጎተራውን ያጥባል፤ መቃብሩን ይቆፍራል። ነጭ ካባቸው ላይ ጥቁር መስቀል የሰፉት፣ «ወንድሞች» የሚባሉት ወታደር መነኮሳት፣ በአንድ እጃቸው መቁጠሪያ በሌላው ሰይፍ ይዘው አገሩን የሚገዙት፣ ከላይ በኩል ውሃ የማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት አግኝተዋል። ከፋሲካ በኋላ አዋጅ ተነገረ። ቤት ያለው ቤቱን ያፍርስ፤ ግንዱን አስሮ በወንዙ ላይ ያንሳፍፍ፤ ዳር ዳሩን በገመድ ሽቅብ ይጎትት። ቶሩን ከነገበያዋ፣ ከነደወሏ፣ ከነስሟ ወደ ላይ ትሄዳለች።

ናቮያን ያንገበገባት «ከነስሟ» የምትለዋ ቃል ናት።

ትልቋ ልጇ ቦግና ስድስት ዓመቷ ነበር። ያን ቀን ውሃው ደጃፉን ጥሶ ምድጃውን ሲያጠፋ፣ ዢራ ልጅቷን በበግ ቆዳ ጠቅልሎ ትንሿ ታንኳ ውስጥ አስቀመጣት፤ ታንኳዋን ከምሰሶው አሰረና ዓይኑ የደከመ አባቱን ሊያወጣ ተመለሰ። ናቮያ ሕፃኑን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ነበረች። በዚያች ቅጽበት የጎጆ ግድግዳ የሚያህል የበረዶ ንጣፍ እየተንገጫገጨ መጥቶ ታንኳዋን ገፋ፤ ገመዱ እንደ ክር ተበጠሰ። ልጅቷ አልጮኸችም። ሁለት እጇን ታንኳዋ ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ አንድ ነገር እስኪነግሯት እንደምትጠብቅ ሁሉ እናቷን እያየች ሄደች። ወንዶቹ ውሃው ሲጎድል ዳር ዳሩን ፈለጉ። ታንኳዋም አልተገኘች፤ ልጅቷም አልተገኘች።

የአሻጋሪ ልጅ ደግሞ ከሌላው ልጅ ሁሉ በፊት የሚማረው ነገር አለው። ብትጠፊ፣ ሰው «የማን ነሽ?» ቢልሽ፣ «የቶሩን ነኝ፤ የአሻጋሪው የዢራ ልጅ» በይ። ቦግና አፏን ስትፈታ ጀምራ ታውቀዋለች። እንግዳ በተሳፈረ ቁጥር ሳትጠየቅ ትለዋለች፤ ነጋዴዎቹም ለውዝ ይሰጧታል።

ዢራ ከግድግዳው ወርዶ አጠገቧ መጣ።

«ነገ ነው የምንነሣው» አለ።

«እኔ አልሄድም።»

«ናቮያ...»

«ልጄ የምትመጣው ከታች ነው። ሰው አንሥቷት እንደሆነ፣ አስታመዋት እንደሆነ፣ ቤትሽ የት ነው ሲሏት ቶሩን ትላለች። ይዘዋት ሲመጡ እዚህ ምን ሊያገኙ ነው? የፈረሰ ምድጃ?»

«ሰው ጠይቀው ወደ ላይ ይመጣሉ።»

«ማንን ነው የሚጠይቁት? እንቁራሪቱን?»

ዢራ ራሱን አቀረቀረ። «የእኔስ ልጅ አይደለችም?» አለ ድምፁ ሳይወጣ። «ያን ገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ናቮያ በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። ጢሙ ላይ የክዳን ሣር ተሰክቶበታል። በጣቷ አነሣችለት።

«ቋጠሮህ አልተፈታም» አለችው። «ገመዱ ነው የተበጠሰው። እኔ ዓይኔ እያየ ነው።»

ይህን እየተባባሉ ሳለ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ወንድም ሄልቪግ ነበር፤ የጉዞው አዛዥ። ጢሙ የሸበተ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ከነጩ ካባ ሥር የብረት ልብሱን የማያወልቅ ሽማግሌ ወታደር ነው። የአገሩን ቋንቋ ያውቃል፤ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ እየቆረሰ ነው የሚናገረው።

«የአሻጋሪው ቤት፣ ገና?» አለ።

«እስከ ማታ ያልቃል ጌታዬ» አለ ዢራ ቆቡን አውልቆ።

ናቮያ ወደ ፈረሱ ተጠጋች። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«እኛ ስንሄድ የዚህ ቦታ ስም ማን ይባላል?»

ወንድም ሄልቪግ ጥያቄው አልገባውም። የፈረሱት ግድግዳዎችና ጭቃው ላይ ዓይኑን አዞረ። «የዚህ? ምንም አይባልም። ስሙ የከተማዋ ነው። ገበያውም ዳኝነቱም በቶሩን ስም የተፈቀደ ነው። ስሙ እዚህ ከቀረ፣ ላይ የሚኖረን የግንድ ክምር ብቻ ነው።»

«የላዩ አዲስ ቦታ አይደል? አዲስ ስም ይበቃዋል። ይሄን ለእኛ ተዉልን።»

ግድግዳው ላይ የነበሩት ወንዶች ሥራቸውን አቆሙ። ጎረቤታቸው ሚሌይ፣ ቀብር ላይ እንኳ ምላሱን የማይሰበስበው፣ ነገሩን ሊያለዝብ ፈልጎ ከላይ ጮኸ።

«እውነቷን ነው ጌታዬ! ጉድ ያደረገን ስሙ ራሱ ነው እኮ! የጥበቃው ማማ ወንዙን ‹እግሬን አትጠበኝ፣ እወድቃለሁ› ቢለው፣ ወንዙ ምን ብሎ መለሰለት? ‹ቶ ሩን!› እንግዲያ ውደቅ ማለቱ ነው! እንዲህ በሚባል ቦታ ቤት የሠራ ምን ሊጠብቅ ኖሯል?»

ጥቂቶቹ ሳቁ። ወንድም ሄልቪግ ግን አልሳቀም። «ስሙ የእኛ ነው» አለ። «በእኛ ቋንቋ ቶር ማለት በር ነው። የአረማውያን አገር በር።»

«በር!» አለ የዢራ አባት ዶማሱል። የተገለበጠ የቡኮ ገንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ጨለምለም ያሉ ዓይኖቹን ድምፁ ወደመጣበት አዙሮ ነው። «አያቴ እዚህ ሲያሻግር በሩም በረኛውም አልነበረም ጌታዬ። ቶር የተረገጠ መንገድ ነው። ከብቱ፣ ነጋዴው፣ ሌባው ወደ መሻገሪያው የሚወርድበት። እኛ ቤት የሚባለው ይሄ ነው። የሚስቴ ወገኖች ደግሞ ቶሮን የሚባል ሰው ነበር፣ ርስቱ ነበር ይሉ ነበር። እኔ እንጃ፤ ሰውየውን አላገኘሁትም።»

«ይሆናል» አለ ወንድም ሄልቪግ። ቁጣ አልነበረበትም። «እኔም የተወለድኩባት መንደር ስሟ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። አሁን የሚነግረኝም የለም።» ከዚያ ወደ ናቮያ ዝቅ አለ። የልጅቱን ነገር ሰምቷል፤ በመንደሩ ያልሰማ አልነበረም። «ስም ለሁለት መክፈል አልችልም። ትእዛዙ ከበላዬ ነው። ሰው እዚህ ቢቀር ግን አልከለክልም።»

«እንግዲያው እኔ እቀራለሁ» አለ ዶማሱል።

«አባቴ!» አለ ዢራ ደንግጦ።

«ምን አባቴ ትለኛለህ? ገመድ አልጎትትልህ፤ ግንድ አልሸከምልህ። ላይ ወስደህ ግድግዳ ልታስደግፈኝ ነው? የዓሣ መረብ የምናስቀምጥበትን ጎጆ አታፍርሱት፤ ይበቃኛል። የአጃ ዱቄት ተዉልኝ፤ በጭስ የደረቀ ዓሣ ተዉልኝ። ልጅቷ ስትመጣ በድምጿ አውቃታለሁ። ይዘዋት ለሚመጡትም መንገዱን እነግራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያሻገርኩ፣ አንዲት ልጅ ወደ እናቷ ማሻገር ያቅተኛል?»

ናቮያ ጉልበቱ ላይ ተደፋች። ሽማግሌው በሸካራ መዳፉ ራሷን ዳበሳት። «በይ አንቺ ሂጂ» አላት። «ያ ጀርባሽ ላይ ያለውም እናት ያስፈልገዋል።»

በማግሥቱ ቶሩን ተነሣች። ሰዉ የታሰረውን ግንድ እያስቀደመ፣ ከዛፍ ልጥ የተገመደውን ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ ዳር ዳሩን ሽቅብ ተሰለፈ። በሬ ያለው በሬ ጠመደ፤ የሌለው ራሱ ጎተተ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ትልቁ ታንኳ ላይ አስረውት ነበርና ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ሳይደወል ይደወላል፤ አሮጊቶቹም በተደወለ ቁጥር ያማትባሉ። አንዳንዷ ሴት ከመቃብሩ ጭብጥ አፈር ቋጥራለች። አንዷ የበሯን መድረክ አላስነካም ብላ በራሷ ተሸክማዋለች። ካህኑ በባዶ እግሩ ጭቃውን እያቦካ ከፊት ይሄዳል፤ መዝሙሩን ግን ትንፋሽ አጥሮት ትቶታል።

«ሰው ሁሉ ሸክሙን በወንዙ ወደ ታች ይሰዳል» አለ ሚሌይ እያለከለከ። «እኛ ብቻ ከተማ ሽቅብ እንጎትታለን! ወንዙ ራሱ ሳይስቅብን አይቀርም።»

«አፍህን ዝጋና ሳብ» አለችው ከኋላው ያለች ሴት።

ናቮያ ከባሏ ቀጥላ ገመዱን ይዛለች። ገመዱ ትከሻዋን ልጦታል፤ እሷ ግን አይታወቃትም። በእያንዳንዱ እርምጃ ከልጇ የምትርቅ ይመስላታል። መለስ ብላ ስታይ የመረቡ ጎጆ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር፤ ቆይታ ስታይ ዛፎቹ ጋርደውታል።

ፀሐይ ከአናት ዘወር ስትል አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ከታች መጥታ ደረሰችባቸው። ጨውና የደረቀ ዓሣ የጫነች የነጋዴ ጀልባ ናት። መቅዘፊያ የያዘው ሰው ሸራውን አስወርዶ ወደ ዳሩ ተጠጋ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን!» ሲል ጮኸ። «አሻጋሪው ዢራ ከመካከላችሁ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዢራ።

ሰውየው ቆቡን አወለቀ።

ናቮያ ያን ጊዜ አወቀች። ለሰላምታ ቆብ የሚያወልቅ ሰው መልሶ ይደፋዋል፤ ይሄኛው ደረቱ ላይ ይዞት ቀረ።

«ቭሼቦር እባላለሁ» አለ ሰውየው። «ከሔልምኖ ከተማ በታች ካለው የአጥማጆች መንደር ነኝ። በረዶው የወረደ ጊዜ ወንድሜ ደንገሉ ውስጥ የተሰነቀረች ታንኳ አገኘ። ልጅ ነበረችበት። በሕይወት ነበረች።»

ናቮያ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ሚስቴ እንደ ልጇ ነው የያዘቻት። ሞቅ ያለ ነገር አጠጣናት፤ ከመካከላችን አስተኛናት። ግን ብርዱ ደረቷ ገብቶ ነበር። የማን ነሽ ስንላት ‹የቶሩን ነኝ፣ የአሻጋሪው የዢራ ልጅ› አለች። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በገባ በወጣ ቁጥር ትለው ነበር። ሚስቴ ቶሩን የት ነው፣ ሩቅ ነው ወይ ብትላት፣ ‹እናቴ ትመጣለች፣ እሷ ታሳያችኋለች› አለች።» ሰውየው የያዘውን ቆብ አጨማደደ። «ልናመጣት ነበር። መንገዱ ውሃ ነበር፤ ወንዙም በረዶ። ጥቂት ቀን ቆይታ ዐረፈች። ከእኛ ሙታን ጋር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው የቀበርናት። ስሟን ነግራን ስለነበር ቦግና ተብሎ በስሟ ነው የተፈታችው። ሽቅብ የሚያወጣ ጭነት ያገኘሁት አሁን ነው። ይቅር በሉኝ።»

ዢራ ገመዱን ለቀቀ። ከእሱ ኋላ ያሉትም ሳያስቡት እጃቸውን አላሉ፤ ቤታቸው የነበረው የግንድ ክምር ወዲያው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። «ያዙ! ሊሄድ ነው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ያልለቀቀችው ናቮያ ብቻ ነበረች። ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ተክላ፣ ገመዱ መዳፏን እየበላው፣ ሰዎቹ ተሯሩጠው ከዛፍ ግንድ ጋር እስኪያስሩት ድረስ ይዛው ቆመች። ከዚያ በኋላም ጣቶቿን ያላቀቁላት ሴቶቹ ናቸው። ለቅሶው የመጣው እጇ ባዶ ሲሆን ነው።

ወንድም ሄልቪግ ከፈረሱ ወርዶ እያነከሰ መጣ። የተፈጠረውን በጆሮው ነገሩት። ራሱን ገልጦ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ሰልፉ እዚያው እንዲያርፍ አዘዘ።

«ሂዱ» አላቸው ባልና ሚስቱን። «ቤታችሁን ሰዎቹ ያቆሙታል።»

ዢራ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። «አባቴ...» አለ። «አባቴ ታች ይጠብቃታል። ማን ይነግረዋል?»

«ለእሱም ልነግረው አስቤ ነበር» አለ ቭሼቦር። «ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ቶሩን የት ነው ስለው ‹ወደ ላይ› አለኝ። ቀጥሎ ‹ልጅ ይዛችኋል?› አለኝ። አልያዝንም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምላሴ እምቢ አለኝ።»

ናቮያ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ተነሣች። «አንተ ከሰዎቹ ጋር ቤቱን አቁም» አለች ባሏን። «አንተ ከሌለህ ግንዱን ያጠፉታል። እኔ ልጄን አይቼ እመለሳለሁ። ለአባትህም እኔ እነግረዋለሁ።»

«ብቻሽን?»

«እኔ አደርሳታለሁ» አለ ሚሌይ።

በሚሌይ ትንሽ ታንኳ ወረዱ። ጠዋት በስንት ላብ የወጡትን መንገድ ወንዙ ያለ ድካም መለሳቸው። ሚሌይ መቅዘፊያውን አልፎ አልፎ ብቻ እየነከረ፣ ከአፉ አንዲት ቃል ሳይወጣ ሄደ። ናቮያ እንዲህ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም።

አሮጌው ቦታ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከመንደሩ የቀረው ምድጃ፣ ጉድጓድና የቤቶቹ መሠረት የነበረ አራት ማዕዘን ጥቁር አፈር ነው። የመረቡ ጎጆ ብቻ ቆሟል። ዶማሱል ደጃፉ ላይ የአጃ ሾርባ እያማሰለ ነበር። ታንኳዋ አሸዋውን ስትነካ ቀና አለ።

«ማነው?» አለ። «ልጅ ይዛችኋል?»

ናቮያ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ነቅቶ እኝኝ አለ።

ሽማግሌው ማማሰያውን ጣለ። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ወጣት ተፈናጥሮ ተነሣ፤ ፊቱ ሁሉ በራ። «መጣሽ!» አለ። «መጣሽ የኔ ወፍ! ጠብቄሻለሁ እኮ! አልኳቸው እኮ እኔ!»

ሚሌይ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«እኔ ነኝ አባቴ» አለች ናቮያ። «ናቮያ ነኝ። ይሄ... ትንሹ ነው።»

የተዘረጉት እጆች ባሉበት ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። ናቮያ ይዛ አስቀመጠችውና አጠገቡ ተቀምጣ ነገረችው፤ ታንኳዋ ደንገሉ ውስጥ መገኘቷን፣ ሴትዮዋ አቅፋ ማስተኛቷን፣ ከሰው መካከል መሞቷን፣ በስሟ መቀበሯን። አንዲት ነገር አላስቀረችበትም። ሽማግሌው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

«የማን ነሽ አሏት?» አለ በመጨረሻ።

«አሏት።»

«የቶሩን ነኝ አለች?»

«አለች አባቴ። በገባ በወጣ ቁጥር።»

«የዢራ ልጅ ነኝ አለች? አልተሳሳተችም?»

«አልተሳሳተችም።»

«ጎበዝ» አለ ሽማግሌው። «ጎበዝ ልጅ።» ደጋግሞ አለው፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ። ናቮያም ራሷን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ሁለቱም አብረው አለቀሱ። ሕፃኑ መሐላቸው ሆኖ የሽማግሌውን ጢም ይጎትት ነበር።

«ከመቃብሯ ስመለስ ከእኛ ጋር ወደ ላይ ውጣ» አለችው ሲረጋጉ። «እዚህ የምትጠብቀው የለህም።»

«መጀመሪያ እሷ ጋ ውሰጂኝ። መቃብሯን በእጄ ልዳብሰው። ከዚያ በኋላ የት እንደምገባ ያን ጊዜ እናያለን።»

ከወንዙ በኩል ድምፅ መጣ። አንዲት አሮጌ ጀልባ ቀስ እያለች ከታች ትወጣለች፤ ባልና ሚስት፣ አንዲት ፍየል፣ የተነቃቀለ የሽመና ዕቃ። አዲሲቱን ከተማ ሰምተው ከሩቅ የመጡ መሆናቸው ከልብሳቸው ያስታውቃል። ሰውየው መቅዘፊያውን ደግፎ ባዶውን ዳርቻ ግራ በመጋባት ተመለከተ።

«እናንተ ሰዎች!» አለ። «ቶሩን ይሄ ነው?»

ዶማሱል ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ናቮያ ተነሣች።

«ቶሩን ወደ ላይ ናት!» ብላ ጮኸች። «ዳሩን ሳትለቁ ውጡ፤ ደወሏን ትሰማላችሁ!»

«ታዲያ ይሄ ማን ይባላል?»

ናቮያ ምድጃዎቹን አየች፤ ውሃው የሸረሸረውን መቃብር አየች። ጀልባዋ ላይ ያለችው ሴት በወንዙ የማታ ንፋስ ተኮራምታ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

«ስም የለውም» አለች። «ሾርባ ግን አለ። ውረዱ፣ ትኩስ ነገር ቅመሱና ትሄዳላችሁ።»

ሽማግሌው ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ሳሕን ፍለጋ ተነሣ።